ሳይዳሰስ የተገዛ ካሜራ



በዚህ ሰሌዳ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ወርኃዊ መዋጮ፣ ስለ ቦይ ጠረጋና ስለ ድንኳን ነው። ዛሬ ግን ስለ ካሜራ እንጽፋለን። «ማኅበርንና ካሜራን ምን አገናኛቸው?» የሚል አይጠፋም። የሚያገናኘን ገንዘብ ነው፤ ያውም የልጆቻችን ገንዘብ።

ባለፉት ወራት ከሠፈራችን ብቻ ሦስት ወጣቶች ሥዕሉን በስልክ አይተው፣ ገንዘቡን በስልክ ልከው፣ «ከውጭ በርካሽ የገባ» የተባለ ካሜራ ገዝተው ተጎድተዋል። ከዱራሜ፣ ከሺንሺቾና ከሾኔ ለለቅሶና ለሠርግ የሚመጡ ዘመዶቻችንም ይህንኑ ይነግሩናል። ስለዚህ ኮሚቴያችን ተነጋግሮበት አሳባችንን ለሕዝብ ለማቅረብ ተስማምተናል።

የአንዱን እንንገራችሁ። ራሱ ፈቅዶልናል፤ ስሙን ግን አንጠራም። ልጁ ሠርግ በማንሳት ለመተዳደር አስቦ ተነሣ። ደቡብ አፍሪካ ያለው ታላቅ ወንድሙ ሱቅ እየጠበቀ፣ ማታ ከውጭ ተቆልፎበት እዚያው እያደረ ያጠራቀመውን ላከለት። ልጁ ቴሌግራም ላይ አንድ ካኖን አየ። «ከዱባይ የገባ፣ ያልተከፈተ» ይላል። ዋጋው አዲስ አበባ ሱቅ ከሚጠየቀው ግማሽ አይሞላም። ሻጩ «ሁለት ብቻ ቀርተዋል፣ ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» አለው። ልጁ ቀብድ ላከ። «የቀረጥ መጣ» ሲሉት ጨመረ። «የማጓጓዣ ቀረ» ሲሉትም ጨመረ። በመጨረሻ ካርቶን በአውቶቡስ ተልኮለት መናኸሪያ ሄዶ ተቀበለ። ሲከፍተው ከላይ ስሙ ተለጥፎበታል እንጂ ከልጅ መጫወቻ የማይሻል ዕቃ ነው። ስልክ ቢደውል ዝግ ነው። ቴሌግራሙም ላይ አገዱት። ለእናቱ «ጥገና ላይ ነው» እያለ አራት ወር ደበቀ።

እንግዲህ ይህ ገንዘብ በምን መንገድ እንደመጣ እናስብ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በሚባል አገር፣ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኝተዋል። ከሀዲያና ከከምባታ የወጡ ልጆች ያንን መንገድ ያውቁታል። በዚያ መንገድ አልፎ የተገኘ ብር በአንድ ማታ ለማይታወቅ ሰው ሲሰጥ ዝም ብሎ ማየት አይገባም እንላለን።

እኛ የካሜራ ባለሙያ አይደለንም። የሠፈራችንን ፎቶ አንሺዎች ጠርተን ጠየቅናቸው። እነሱ እንዳስረዱን የርካሽ ካሜራ ጣጣ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም።

አንደኛው ጭራሽ የማይመጣው ነው። ይህ ግልጽ ስርቆት ስለሆነ ብዙ አያስነግርም።

ሁለተኛው ስሙ ሌላ፣ ሆዱ ሌላ የሆነው ነው። «4ኬ» የሚል ወረቀት ይለጠፍበታል። ውስጡ ያለው ምስል የሚቀበለው ሴንሰር ግን ትንሽና ደካማ ነው፤ ትንሿን ምስል በኮምፒዩተር ዘዴ ለጥጦ ትልቅ ያስመስላታል። በቀን ብርሃን ሊያታልል ይችላል፤ ማታ ድንኳን ውስጥ ግን ሙሽራዋን ከሚዜዋ መለየት ያቅታል። ማታለሉ ውድ በሆነው ዕቃ ላይም አለ። የኒኮን ኩባንያ ራሱ፣ ዲ800 የሚባለው ካሜራው የስም ሰሌዳው ተቀይሮ በውዱ በዲ800ኢ ስም እየተሸጠ ነው ብሎ ደንበኞቹን ካስጠነቀቀ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ጋ ሲደርስ አዲስ መሰለን እንጂ ዘዴው የቆየ ነው።

ሦስተኛው እውነተኛ ሆኖ ያረጀው ነው። ካሜራ እንደ መኪና ዕድሜው የሚቆጠረው በሠራው ሥራ ነው። በተነሣ ቁጥር ውስጡ ያለው መዝጊያ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ለምሳሌ ካኖን 5ዲ ማርክ 4 የተባለው ካሜራው 150,000 ጊዜ ያህል እንዲያነሣ ታስቦ የተሠራ ነው። በአንድ ሠርግ 2,000 ፎቶ የሚያነሣ ሰው 75 ሠርግ ላይ ይጨርሰዋል ማለት ነው። ሻጩ አካሉን ወልውሎ፣ አዲስ ካርቶን ፈልጎ «አልተነካም» ይላል። ገዢው ቁጥሩን ካላየ በምን ያውቃል?

አራተኛው ካሜራው ደህና ሆኖ ካርቶኑ የተዘረፈው ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የነበረው ባትሪና ቻርጀር ወጥቶ ለብቻው ይሸጣል፤ በምትኩ ስሙ የተኮረጀ ባትሪ ይገባል። እንዲህ ያለው ባትሪ ቶሎ ያልቃል፣ ይግላል፣ ያብጣል፤ ከቤት ውስጥም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ይህ የሐበሻ ፈጠራ ብቻ አይምሰላችሁ። ኒው ዮርክ ብሩክሊን ውስጥ የነበሩ አንዳንድ የካሜራ ሱቆች በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚሁ ሥራ ስማቸው የጠፋ ነበር። ዋጋውን አውርደው ያስነግራሉ፤ ገዢው ሲመጣ ግን ከካርቶኑ ጋር በነፃ መሰጠት የነበረበትን ባትሪና ቻርጀር በውድ ይሸጡለታል። ሌላም አለ፤ ለጃፓን ገበያ ብቻ ተብለው የተሠሩ አንዳንድ የሶኒ ካሜራዎች ከጃፓንኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አይናገሩም። ርካሽ ብሎ ገዝቶ ፊደሉን የሚያነብለት ሰው ሲፈልግ የከረመ አለ።

አምስተኛው ሚሞሪው ነው። ከላዩ 128 ጊጋ ይላል፣ ኮምፒዩተርም ላይ 128 ያሳያል፤ እውነተኛው ይዞታው ግን 8 ሊሆን ይችላል። 8ቱ ሲሞላ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል ወይም ይበላሻል። ከጉዳት ሁሉ የሚከፋው ይህ ይመስለናል። ካሜራ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ ሠርግ ግን ሁለተኛ አይደገምም። ጆሃንስበርግ ያለ ወንድም የእኅቱን ሠርግ የሚያየው በዚያች ሚሞሪ ነው። ባለፈው ጥር የሆነውን የምታውቁ ታውቃላችሁ። አባትየው ልጁን ሲመርቅ የተነሣው በሙሉ ጠፍቷል።

ታዲያ እኛ የምንለው ይህ ነው። ሆሳዕና ገበያ በሬ ስንገዛ ጥርሱን ከፍተን ዕድሜውን እናያለን። እናስኬደዋለን። ቀንበር ያውቅ እንደሆነ እንጠይቃለን። ከየት ቀበሌ እንደመጣ የሚያውቅ ሰው እንፈልጋለን። ይህን ሁሉ አድርገን ስንስማማ ነው ገንዘብ የምንቆጥረው። አባቶቻችን ያስተማሩን ይህን ነው። የበሬ ዋጋ የሚያወጣውን፣ አንዳንዴም የሚበልጠውን ካሜራ ግን ሥዕሉን ብቻ አይተን፣ ሻጩን ሳናውቅ፣ ከፍለን እንጠብቃለን። የበሬ ሥዕል አይቶ በሬ የሚገዛ ሰው ቢኖር እንስቅበት አልነበር?

ወጣቶቹ የሚመልሱልን መልስ አለ፤ እሱም ቀላል አይደለም። «ሱቅ ያለው ውድ ነው፣ አቅማችን አይችልም» ይላሉ። እውነት ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከ58 ብር በታች የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተወድዷል። ነገር ግን ይኸው ራሱ መልሱን ይነግረናል። ለሁሉም ነጋዴ ዶላሩ ውድ ሆኖ ሳለ አንዱ ብቻ በግማሽ ዋጋ ከየት አመጣው? ልዩነቱን የሆነ ሰው መክፈል አለበት። ዕቃው የተሰረቀ ከሆነ የከፈለው የተሰረቀበት ነው። አሮጌ ወይም ሐሰተኛ ከሆነ ከፋዩ ገዢው ነው። ሻጩ ከኪሱ አይከፍልም።

በስልክ የሚሸጥ ሁሉ ሌባ ነው አንልም። ሱቅ ያላቸው፣ ደረሰኝ የሚሰጡ፣ ዕቃቸውን በቴሌግራም የሚያሳዩ ሐቀኛ ነጋዴዎች አሉ። ያገለገለ ካሜራ መግዛትም ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ለጀማሪ የሚበጀው እሱ ሊሆን ይችላል። የምንቃወመው ሳይዳሰስ መክፈልን ነው።

«ሕግ የለም ወይ?» የሚልም አለ። ሕግ አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳትም የመካስ መብት ሰጥቶታል። በኮምፒዩተር የሚፈጸም ማታለልም በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 958 ወንጀል ነው። ነገር ግን ሕግ የሚይዘው ሰው ይፈልጋል። ስሙን የማናውቀው፣ ሱቁ የት እንደሆነ ያላየነው፣ ደረሰኝ ያልሰጠን ሰው ማን ተብሎ ይከሰሳል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ከብዶናል። ሦስቱም ልጆች ዝም አሉ። አፈሩ። የመጀመሪያው ተናግሮ ቢሆን ሁለተኛውና ሦስተኛው ይድኑ ነበር። ሁለቱ የተታለሉት በዚያው በአንድ ቴሌግራም እንደሆነ ያወቅነው ዘግይተን ነው። አታላዩን የሚያደልበው ርካሽ ዋጋው ብቻ ሳይሆን የእኛ ዕፍረት ጭምር ነው። የተታለለ ሰው ጥፋተኛ አይደለም፤ ጥፋተኛው ያታለለው ነው። አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ተታልሎ ቢመጣ ከመቆጣት በፊት አዳምጡት። ከተቆጣችሁት የሚቀጥለው ልጅ አይነግራችሁም።

በመሆኑም የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1ኛ. ካሜራውን በእጃችሁ ሳትይዙ ቀብድም ሆነ ሙሉ ክፍያ አትላኩ። በቴሌብር የተላከ ገንዘብ ተቀባዩ ካወጣው በኋላ ማስመለስ እጅግ ከባድ ነው።

2ኛ. ዕቃው አዲስ አበባ ከሆነ እዚያ ያለ ዘመድ ሱቁ ድረስ ሄዶ ይይላችሁ። ሻጩ «አይቻልም» ካለ ነገሩ አለቀ።

3ኛ. ከታች የተጻፈው መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አስተያዩ። ስንት ፎቶ እንዳነሣ አስቆጥሩ። ደረሰኝ ጠይቁ።

4ኛ. አዲስ ሚሞሪ ለሠርግ ከመውጣቱ በፊት ቤት ውስጥ እስኪሞላ ድረስ ቅዱበት፤ ከዚያም የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ከፍታችሁ እዩ።

5ኛ. «ቶሎ በል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥማችሁ አንድ ቀን እደሩበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ሁለት የሠፈራችን ፎቶ አንሺዎች እሑድ እሑድ ከማኅበሩ ስብሰባ በኋላ ካሜራ ሊገዛ ያሰበን ሁሉ ያለ ክፍያ ለማማከር፣ የተገዛውንም ለማየት ቃል ገብተውልናል። እናመሰግናቸዋለን። የተታለለም ካለ ወደ ጽሕፈት ቤታችን ይምጣና የላከበትን የስልክና የሒሳብ ቁጥር፣ የተጻጻፈውንም ሳያጠፋ ይዞ ይምጣ። ወደ ፖሊስ አብረን እንሄዳለን፤ ብቻውን አይሄድም።

ያ ልጅ ዛሬ ለሌላ ፎቶ አንሺ መብራት እየተሸከመ ይሠራል፤ የወንድሙንም ገንዘብ በጥቂት በጥቂቱ እየመለሰ ነው። ይህን እንድንጽፍ የጠየቀን እሱ ራሱ ነው።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት
ሆሳዕና