ኃይሉ በሽቦው ውስጥ አይጓዝም

ከዓባይ ሸለቆ በላይ ባለው የቦረና ደጋ፣ መካነ ሰላም ላይ መብራት ሲበራ ብዙዎቻችን ኃይሉ ከግድብ ተነሥቶ እንደ ቧንቧ ውኃ በሽቦው ውስጥ ፈስሶ የመጣ ይመስለናል። ትምህርት ቤትም እንዲሁ ተምረናል። ነገር ግን ስሕተት ነው። ኢነርጂው የሚጓዘው በሽቦው ዙሪያ ባለው የኤሌክትሮማግኔት መስክ ነው፤ የሽቦው ድርሻ መንገድ መምራት ነው።

ማስረጃው ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልቱን ወደ 380 እና 220 ቮልት የሚያወርደው ትራንስፎርመር በውስጡ የማይነካኩ ጥቅል ሽቦዎች አሉት። ከአንዱ ወደ ሌላው ኤሌክትሮን አይሻገርም፤ ኢነርጂው ግን በመካከላቸው ባለው መስክ ይሻገራል። ኤሌክትሮኖቹማ እጅግ ዘገምተኞች ናቸው። 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የመዳብ ሽቦ 1 አምፒር ቀጥተኛ ኮረንት ቢያልፍ አንድ ሜትር ለመጓዝ 4 ሰዓት ገደማ ይፈጅባቸዋል። የእኛ ኮረንት ደግሞ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ባሉበት ይርገበገባሉ እንጂ የትም አይሄዱም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ተነሥቶ ቦረና የሚደርስ አንድም ኤሌክትሮን የለም።

እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጆን ሄንሪ ፖይንቲንግ እ.ኤ.አ. በ1884 የኢነርጂውን ጉዞ ቀመር አወጣ፦ ኢነርጂው ለኤሌክትሪኩም ለማግኔቱም መስክ ቀጤ ነክ በሆነ አቅጣጫ ይፈስሳል። ወደ ሽቦው ውስጥ የሚገባው በሙቀት የሚባክነው ብቻ ነው።

«ይህ የሒሳብ ዘዴ እንጂ እውነተኛ ፍሰት አይደለም» የሚል ተቃውሞ አለ። ቀላል ተቃውሞ አይደለም። እኔን ያሳመነኝ መልስ የሚገኘው ሞመንተም (የእንቅስቃሴ መጠን) ላይ ነው።

ማግኔትና ቻርጅ ያለው አካል ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። የሚንቀሳቀስ ነገር አይታይም፤ በቀመሩ መሠረት ግን በዙሪያቸው ኢነርጂ ይዞራል፣ መስኩም ሞመንተም ይኖረዋል። ከቦታው ንቅንቅ ያላለ ነገር ጠቅላላ ሞመንተሙ ዜሮ ነው፤ ታዲያ የመስኩን የሚያጣፋው የት አለ? በትራንዚስተር ሥራው የኖቤል ተሸላሚ የሆነው ዊልያም ሾክሌይ ከአር. ፒ. ጄምስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1967 መልስ ሰጠ፦ በማግኔቱ ውስጥ ኮረንቱን የሚሸከሙት ቅንጣቶች ይዘውታል። ቅንጣቶቹ በሚዞሩበት ጊዜ በኤሌክትሪክ መስኩ ምክንያት በአንዱ ጎን ኢነርጂያቸው ይጨምራል፣ በሌላው ይቀንሳል፤ በአንስታይን የአንጻራዊነት ሕግ የሁለቱ ጎን ሞመንተም ሙሉ በሙሉ አይጣፋም። የሚቀረው ልክ የመስኩን ያህል፣ አቅጣጫው ግን ተቃራኒ ነው። ስውር ሞመንተም የሚባለው ይህ ነው። መስኩ ባዶ ቀመር ቢሆን ኖሮ የሚያጣፋው ነገር ባላስፈለገው።

የፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማንም ተማሪዎቹን በአንድ ዲስክ ሞግቷል። ዳር ዳሩን ቻርጅ የተደረገ፣ መሐሉ ላይ ኮረንት የሚዞርበት ጥቅል ሽቦ ያለው ዲስክ ቆሟል። ኮረንቱ ሲቋረጥ ማንም ሳይነካው መዞር ይጀምራል። የሽክርክሪቱ ሞመንተም አስቀድሞ መስኩ ውስጥ ነበረ።

መካነ ሰላም ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አላት። እዚያም ሆነ በአካባቢው ትምህርት ቤቶች ፊዚክስ የምታስተምሩ መምህራን፣ ስለ ኤሌክትሪክ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቻችሁን ከክፍል አውጥታችሁ ትራንስፎርመሩ ካለበት ምሰሶ አጠገብ፣ በደኅና ርቀት ላይ ሆናችሁ ጀምሩት።