ሰልባትዮው ያበራል፤ ፍሬኑስ?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በደብረ ብርሃን መንደሮች ውስጥ ለውስጥ ዞር ዞር ብላችሁ ታውቃላችሁ? በየግቢው በር ላይ አንድ ባልዲ፣ አንድ ያረጀ ካናቴራ፣ አንድ ሞተር ሳይክል እና ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የጠቀለለ አንድ ጎረምሳ አይጠፋም። ከጓዳ ደግሞ የእናት ድምፅ ይከተላል፤ «ኧረ ያንን ውኃ ተው! ለቡና እንኳ አላስተረፍክልኝም!»

እኛም ከነዚያ ጎረምሶች ነን። ለሦስት በእቁብ ብር የገዛናት አንዲት ቦክሰር አለችን። ሌላውን ቀን በተራ እንነዳታለን፤ ቅዳሜ ግን የሦስታችንም ናት። እናላችሁ፣ ስለዚህች ቅዳሜ ዛሬ የምንለው አለን።

መቼም «ሞተር መወልወል ጉራ ነው» የሚሉን አሉ። አዎ፣ ጉራ ነው! አንዋሽም። ንጹሕ ሞተር ላይ ተቀምጦ በጠባሴ በኩል ቀስ ብሎ ማለፍ ደስ ይላል። ጸባችን ከጉራው ጋር አይደለም። ጸባችን ጉራው ሰው የሚያየው ቦታ ላይ ብቻ መቅረቱ ነው። ሰልባትዮው መስታወት ይመስላል፣ ማርሚታው ፊት ያሳያል፤ ሰንሰለቱ ግን ጭቃና ግራሶ ተጋግሮበት ያለቅሳል።

ከራሳችን እንጀምር። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ከመካከላችን አንዱ (ስሙን አንጠራም፤ ይህን እያነበበ ነው) ሞተሯን እንደ ሙሽራ አስጌጣት። ወንበሩን በጥቁር የጫማ ቀለም፣ ጎማውን በቫዝሊን። በዚህ አልበቃውም፤ ናፍታ በዘይት ቀላቅሎ «ዝገት እንዳይነካት» ብሎ ከሥር ከሥር ረጫት። በማግስቱ እሑድ ሁለታችን ወደ አንኮበር ወጣን። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው ደጋው ላይ ነው የሚሄደው፤ ገብስ፣ በግ፣ ብርድ። ከዚያ ድንገት መሬቱ ያልቅና ቁልቁለቱ ይጀምራል።

እዚያ ላይ የኋላ ፍሬን ረገጥን። እግራችን ገባ፤ ሞተሯ ግን አልያዘችም። ደግመን ረገጥን። ምንም! ከኋላ የተቀመጠው በተወለወለው ወንበር ላይ እየተንሸራተተ የነጂውን ጀርባ ወደፊት ይገፋል። ከታች እህል የጫነ አይሱዙ እያቃሰተ ይወጣል። አንደኛ ማርሽ አስገብተን፣ የፊቱን ፍሬን በትንሽ በትንሹ እየያዝን፣ አራት እግር መሬት እየጎተትን ጥግ ያዝን። አይሱዙው አለፈን። ሾፌሩ እጁን አውጥቶ ሰላም አለን፤ ሞተሯ እኮ ታምራለች!

ጎረቤላ የደረስነው እየገፋን ነው። መካኒኩ የኋላውን ጎማ ፈቶ የፍሬን ሸራውን ሲያሳየን በናፍታ ርሶ ያብረቀርቃል። ሸራ የሚይዘው በመፋቅ ነው፤ ዘይት ከጠጣ በኋላ ቢያጥቡት ቢያሹት ወደ ልቡ አይመለስም፤ ይቀየራል። አዲስ ገዛን። የሱሪው ጉዳይ (ጥቁር የጫማ ቀለም በካኪ ሱሪ!) እስከ ዛሬ ክርክር ላይ ነው።

አንኮበር ላይ ይህ መሆኑ ራሱ ያሳፍራል። ይህ ቁልቁለት የበቅሎ አገር ነው። በ1841 እ.ኤ.አ. በሻምበል ሐሪስ የሚመራው የእንግሊዝ ልዑክ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ፣ ግመሎቹ ዳገቱን ስለማይችሉት ቆላው ላይ ቀርተው ዕቃው በሰው ሸክም ነው የወጣው። በእንዲህ ያለ አገር የኖሩ አያቶቻችን ከመንገድ ሲገቡ መጀመሪያ ምን ነበር የሚያደርጉት? ኮርቻውን አውርደው የበቅሎዋን ጀርባ በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፤ ገጣባ እንዳይኖር። ሰኮናዋን አንስተው ጠጠር ያወጣሉ። ግላሱና መጣብሩ የሚጸዳው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጠን መጣብሩን እየወለወልን ገጣባውን ረሳነው።

ስለዚህ አሁን ቅዳሜያችን ተቀይሯል። ውኃ ከመንካታችን በፊት ሞተሯ ትበርዳለች። ከመንገድ እንደገባች የጋለ ማርሚታና ሲሊንደር ላይ የደብረ ብርሃንን ውኃ ማፍሰስ ብረቱን ማስደንገጥ ነው፤ ሊጣመም፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ውኃዋን ታውቁታላችሁ። ልኬታችን ቀላል ነው፤ አቦል ሲቀዳ እናቆማታለን፣ በረካ ሲጠጣ እንጀምራለን። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ጠዋት ውርጭ ስላለ እኩለ ቀን ካላለፈ አንነካትም። ለሞተሯ ብለን አይደለም፤ ለጣታችን ነው።

የማርሚታው አፍ በፌስታል ይታሰራል። ጭቃው በደረቁ አይፈተግም፤ በውኃ ይርሳል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። በደረቁ የፈተገ ሰው ቀለሙን በአሸዋ ወረቀት እንደፋቀ ይቁጠረው። የልብስ ሳሙና ዱቄትም ቢሆን በደንብ ሳይሟሟ ከተቀባ ይጭራል፤ ሲቆይበት ደግሞ አልሙኒየሙን ያደበዝዛል። ጥቂት ላርጎ በባልዲ ውኃ በቂ ነው። በረኪና? በፍጹም! ብረት ይበላል። በግፊት የሚረጨው የላቫጆ ውኃም ለሞተር አይሆንም፤ ጎማው መካከል ያለው ኩሽኔታ ውስጥ ገብቶ ግራሶውን ያወጣዋል፤ ከወራት በኋላ ጎማው ሲያንቋርር «ምን ነካት?» እንላለን።

ሰንሰለቱ ላይ ነው ጊዜያችን የሚያልቀው። አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ትንሽ ነጭ ጋዝ ይበቃል። ቤንዚን አንጠቀምም፤ እሳቱም ያስፈራል፣ ጎማ ነክ ነገርም ያደርቃል። ከደረቀ በኋላ ዘይት ጠብ ጠብ ይደረግለታል፣ ትርፉ በጨርቅ ይጠረጋል። የግብርና ቢሮዎች የሚነዷትን ያማሃ ኤጂ 100 የያዙ ሰዎች እዚህ ላይ ይስቁብናል፤ የእነሱ ሰንሰለት ከነጭራሹ ሽፋን ውስጥ ነው። ይሳቁ።

ብሩሹ በየብሎኑ ሲዞር እጃችን ያያል። የላላ ዳዶ፣ የተሰነጠቀ ጎማ፣ ያለቀ ሸራ፣ የሚያነባ ዘይት ሁሉ ጭቃ ሥር ነው የሚደበቀው። ባለፈው ወር የኋላው ጎማ ዳዶ ሊወጣ ሁለት ዙር ሲቀረው ያገኘነው እያጠብን ነው። ገንዘብ ከፍለን ብናሳጥባት ኖሮ አጣቢው ያንን ዳዶ በደንብ አጽድቶ ይመልስልን ነበር።

ማስዋቡ የመጨረሻው ነው። ጥላ ሥር ደረቅ በለስላሳ ጨርቅ፤ ፀሐይ ላይ ከደረቀች የሳሙና ነጠብጣብ ይቀርባታል። ፖሊሽ ካለ ሰልባትዮውና ፓራፋንጎው ላይ ብቻ። ወንበር፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ የእግር መርገጫ ግን አይወለወሉም፤ እነሱ ሥራቸው መያዝ እንጂ ማንሸራተት አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ እንነጋገር፤ በሬሳ። ሞተራችሁን ወንዝ ውስጥ አስገብታችሁ የምታጥቡ ወዳጆች፣ እኛም አድርገነዋል። ቀላል ነው፤ ውኃው ነጻ ነው፣ የሚቆጣ እናት የለም። ግን ያ ጥቁር ዘይትና ነጭ ጋዝ ወዴት ይሄዳል? በሬሳ ወደ ጀማ፣ ጀማ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ከእኛ ሁለት መቶ እርምጃ በታች አንዲት ሴት ልብስ ታጥባለች፣ አንድ ልጅ በግ ያጠጣል። ሁለት ጀሪካን ውኃ ቤት ውስጥ ይበቃናል፤ ሞክረነዋል። አንዱ ለማጠብ፣ አንዱ ለማለቅለቅ። የሰንሰለቱ እድፍ በጨርቅና በአሮጌ ጣሳ ይሰበሰባል፤ መሬት አይደፋም።

ለነገሩ ሞተር ነጂ ስሙ ከጠፋ ቆይቷል። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በቀር ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ስታግድ የተሰጠው ምክንያት ዝርፊያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሆነን ስንጓዝ ቦርሳቸውን ጠበቅ የሚያደርጉ አሉ። አንፈርድባቸውም፤ ግን ያማል። አብዛኞቻችን መድኃኒት የምናደርስ፣ ሰው የምናደርስ፣ ለእናታችን ዘይት ይዘን የምንገባ ነን። ሞተሯን ስናጸዳ ትንሽ የራሳችንን ስም የምናጸዳም ይመስለናል። ይህ ግን በፖሊሽ የሚሆን ነገር እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ቁልቁለት ላይ አጠገባችሁ ስንደርስ የምንቆም መሆን አለብን።

ይህን ስንጽፍ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ነው። ቶና እየተቀዳ ነው፣ ሞተሯ በር ላይ ናት፣ ጀሪካኖቹ ሞልተዋል። የሰንሰለቱ ተራ የማን እንደሆነ እየተከራከርን ነው። የጫማ ቀለሙ ሰውዬ «ባለፈው እኔ ነበርኩ» ይላል። አልነበረም።