የተጎጂው ሕክምና በወንጀለኛው መቀጮ?

ተከሳሽ ጠበቃ መግዛት አቅቶት ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ያቆምለታል። ሲታሰር ቀለቡም ሕክምናውም የመንግሥት ነው። ተገቢ ነው፣ ሕገ መንግሥቱም ያዘዘው ይህንኑ ነው። የተወጋው፣ የተደበደበው፣ የተደፈረችው ግን መጥሪያ ደርሷቸው ከመሰከሩ በኋላ የት እንደገቡ የሚጠይቅ የለም። ቁስሉ ይሽር ይሆናል። እንቅልፍ ማጣቱ፣ መባነኑ፣ ከቤት መውጣት መፍራቱ ግን የየትኛውም መሥሪያ ቤት ሥራ ሆኖ አያውቅም።

የካሊፎርኒያ ግዛት በዚህ ረገድ ያለፈበት መንገድ ለእኛም የሚነግረን ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2001 በሳንፍራንሲስኮ የሕዝብ ሆስፒታል አንድ የተጎጂዎች ማገገሚያ ማዕከል ተከፈተ። መነሻው ቀላል ነው፤ በጥይት የተመታ ሰው ቁስሉ ተሰፍቶለት ሲወጣ «የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሂድ» ቢባል አይሄድም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይሄዱለታል፤ አልጋው ድረስ፣ ቤቱ ድረስ። ምክሩ እስከ 16 ጊዜ ይዘልቃል። የካሣ ማመልከቻ መሙላቱን፣ መጠለያ መፈለጉን፣ ፖሊስ ጣቢያ አብሮ መሄዱንም እነሱው ይከታተሉታል። «ለፖሊስ ካላመለከትክ አናስተናግድህም» አይባልም። በካሊፎርኒያ ከተሞች ሌሊት ታክሲ ለሚነዱና ሱቅ ለሚጠብቁ ወገኖቻችን፣ በተለይም የመኖሪያ ፈቃዳቸው ላልተስተካከለው፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራው በሌሎች ከተሞችም እንዲስፋፋ ድጎማ መደበ፤ ሲጀመር በዓመት 2 ሚሊዮን ዶላር። ማዕከላቱ ተወዳድረው ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ይወስዳሉ። እስከዚህ መልካም ነው። ለመሆኑ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

አንዱ ምንጭ ወንጀለኞች ከሚከፍሉት መቀጮ የሚጠራቀም የካሣ ፈንድ ነው። ሌላው መራጩ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2014 ያጸደቀው 47ኛው የሕግ ሐሳብ ነው። በዚህ ሕግ የቀላል ስርቆትና አደንዛዥ ዕፅ ይዞ የመገኘት ቅጣት እንዲቀል ተደረገ፤ ከእስር ቤት ወጪ ከሚተርፈው ውስጥም 10 በመቶው ለተጎጂዎች ማዕከላት እንዲውል ተወሰነ። ለጆሮ ያምራል። ነገር ግን መቀጮ ከሚጣልባቸው ብዙዎቹ ድሆች ናቸው፤ ፈንዱ እየተመናመነ ሄዶ ግዛቱ ከመደበኛ በጀቱ ለመደጎም ተገደደ። በኖቬምበር 2024 ደግሞ ያው መራጭ 36ኛውን የሕግ ሐሳብ በሰፊ ድምፅ አጽድቆ ቅጣቱን መልሶ አከበደው። እስረኛ ሲበዛ ትርፉ ያንሳል፤ ትርፉ ሲያንስ የተጎጂዋ ባለሙያ ደመወዝ ይጎድላል። «ጠበቅ አድርገን እንቅጣ» ብሎ ድምፁን ከሰጠው ውስጥ ይህን ስንቱ አውቆት ይሆን?

በፌዴራል ደረጃም ከዚህ የተለየ አይደለም። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1984 ያቋቋመው የወንጀል ተጎጂዎች ፈንድ የሚሞላው በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ቅጣት ነው። በ2017 ከ13 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበረው። ዐቃብያነ ሕጎች ከትላልቅ ኩባንያዎች ጋር ክስ ሳይመሠርቱ መስማማት ሲያበዙ ገንዘቡ ወደ ጠቅላላው ግምጃ ቤት እየገባ ፈንዱ ደረቀ። ሕጉ በ2021 ተሻሻለ፤ ቢሆንም በ2018 እስከ 4.4 ቢሊዮን ዶላር እንዲወጣ የፈቀደው ኮንግረስ በ2024 የፈቀደው 1.35 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ነው። የተደፈረች ሴት ቁጥር በዚያው ልክ ቀንሶ አይደለም!

ወደ እኛ ልመለስ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 102፣ ካሣው ከአጥፊው የማይገኝ መስሎ ሲታየው ፍርድ ቤቱ ከተወረሰ ንብረት ሽያጭ ወይም ከመቀጮው ከፊሉን ለተጎጂው እንዲከፈል ማዘዝ ይችላል ይላል። ሐሳቡ ከ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወረደ በመሆኑ የአሜሪካኑን ፈንድ በ27 ዓመት ይቀድማል። ግን «ይችላል» ነው የሚለው፤ «አለበት» አይልም። በዚህ አንቀጽ የተሰጠ ትእዛዝ እስካሁን በእጄ አልገባም። ቢሰጥም የሚገኘው ብር እንጂ ባለሙያ አይደለም።

አገልግሎቱን በተመለከተ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለጥቃት ሰለባ ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን ያገናኘ ማዕከል አለ። አሠራሩ ከሳንፍራንሲስኮው ብዙ አይርቅም። ችግሩ እንዲህ ያለው ሥራ በአገራችን የለጋሽ እጅ የሚጠብቅ መሆኑ ነው። በ2025 ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ የለጋሽ እጅ በአንድ ሌሊት ሊታጠፍ እንደሚችል አይተናል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራና በአፋር በተካሄደው ጦርነት የተጎዱት ደግሞ በአንድ ሆስፒታል የሚስተናገዱ አይደሉም። በሚያዝያ 2016 የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ስለ ተጎጂዎች ካሣና ማገገም ይናገራል። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ካልተለየ ግን ፖሊሲው ያው አንቀጽ 102ን ይሆናል።

በእኔ እምነት መሠረቱ በስሙ የተለየ የበጀት መደብ ሆኖ ከመደበኛው ግምጃ ቤት በጤና ተቋማት በኩል መውጣት አለበት። መቀጮው ይጨመርበት፣ ለጋሹም ይጨምርበት። የገንዘብ ሚኒስቴር «ከየት አምጥተን?» ማለቱ አይቀርም። የእስረኛው ቀለብ ግን ከየትም መጥቶ በየዓመቱ ይያዛል። በሰኔ በጀቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ፣ ቋሚ ኮሚቴው የተጎጂዎችን መደብ ፈልጎ ካጣው ሚኒስትሩን እዚያው ይጠይቅልን።