እርማት የሚችል ሰው

ሰሞኑን ፍኖተ ሰላም ውስጥ «አሸናፊ አመለካከት» የሚል ሥልጠና ላይ ታድሜ ነበር። አሠልጣኙ መድረኩ ላይ እየተንጎራደደ ሰዉን ያስነሣል፣ ያስጨበጭባል፣ «እችላለሁ!» ያሰኛል። ከገበዝ ማርያም በኩል የመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡና «ልጄ፣ በቆሎ የምዘራበት ጊዜ ደርሶ ማዳበሪያ ካላገኘሁ ምኑን ነው የምችለው?» አሉ። አሠልጣኙ «አባባ፣ ችግሩ ያለው እዚህ ነው» ብሎ ግንባሩን ጠቆመ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ተቆጣሁ፤ እስካሁንም አልበረደልኝም።

ከዚህ የ«እችላለሁ» ሥልጠና ንግድ ጋር ያለኝን ጠብ የዚህ ዓምድ ወዳጆች ታውቁታላችሁ። ከውጭ ስለመጣ አልጠላሁትም። አባቶቻችንም የባዕድ ጥበብ አልናቁም፤ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት «አንጋረ ፈላስፋ» የግሪክ ጠቢባን ምክር ጭምር ያለበት መጽሐፍ ነው። የሚያንገበግበኝ፣ ሰውን ከኑሮው ነጥሎ የጎደለበትን ሁሉ በገዛ ልቡ ማሳበቡ ነው።

ጠባይ እንዴት እንደሚሠራ ማየት የፈለገ ጎጃም ላይ ሆኖ ሩቅ መሄድ አያሻውም። ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የገነነው በቅኔ ነው። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል። ውሻ ያባርረዋል፣ በር ይዘጋበታል። የባለጸጋ ልጅ ቢሆንም ወጉ ይኸው ነው። ከዚያ ለብቻው ተቀምጦ ሲቆጥር የዋለውን ጉባኤ ቃና ለየኔታ ይነግራል። ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ የኔታ ግን በጓደኞቹ ፊት ያፈርሱበታል። በማግስቱ ሌላ ይዞ ይቀርባል፤ እሱም ይፈርሳል። እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚዘልቀው እንዲህ እየፈረሰና እየተቃና ነው። ቅኔው ቢጠፋው እንኳ እርማት ሰምቶ አለማኩረፍን፣ ሰው ፊት ተሳስቶ አለመሸሽን ይዞ ይወጣል። ይህን የትኛው ጭብጨባ ይሰጣል?

ይህ ትሕትና ደግሞ አንገት ደፍቶ ለመኖር አይደለም። የአቸፈሩ አቤ ጉበኛ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ሰው ነበር። በ1955 ዓ.ም. ያሳተመው «አልወለድም» ታገደበት፤ መጻፉን ግን አልተወም። የኔታ ፊት መቆም የለመደ ባለሥልጣን ፊት ሲቆም ጉልበቱ አይከዳውም።

እኚያ አባት ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ሁሉም ሲያጨበጭብ እጃቸውን አውጥተው እውነቱን ጠየቁ። ከአዳራሹ ሁሉ ጤነኛ አመለካከት የነበራቸው እሳቸው ናቸው። ማዳበሪያ በጊዜው ካልደረሰ የሚጠየቀው ማድረስ የነበረበት አካል ነው፤ ገበሬውን «አስተሳሰብህን ቀይር» ማለት ድፍረት ነው።

የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ርእሳነ መምህራን ሆይ፣ ለተማሪዎቻችሁ ሌላ አሠልጣኝ ከመጥራታችሁ በፊት በአቅራቢያችሁ ካሉት የቅኔ መምህራን አንዱን ጋብዙ። ልጆቹ የፈለጉትን ይጠይቋቸው።