ሰንጢ ለወታደር

ሰሞኑን ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቴ ቤት ትንሽ ጭቅጭቅ ነበር። መነሻዋ እኔ ነኝ። የአክስቴ የመጨረሻ ልጅ የአሜሪካን ጦር ተቀላቅሎ ሊሄድ ነው። እኛ የአጎትና የአክስት ልጆች ተዋጥተን አንድ ስጦታ ልንሰጠው ተስማማን። “ምን ይሻላል?” ሲባል እኔ ሆዬ ሳላስበው “ሰንጢ!” አልኩ። አክስቴ ከኩሽና ብቅ አለች።

“አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ነሽ? ለጦር ለሚሄድ ልጅ ስለት ታቀብያለሽ?”

አልፈርድባትም። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ሰንጢ ማለት የዱርዬ ዕቃ ነው። ቦርሳ ይቀደድበታል፣ ጨለማ ላይ “ሞባይልህን አምጣ” ይባልበታል። እናት ኪስ ውስጥ ካገኘችው ምርመራ ይጀመራል። እና ይሄ ዕቃ በምን ሒሳብ ስጦታ ይሆናል?

በዚህ ሒሳብ፦ ወታደር ሰንጢ የሚፈልገው ሰው ለመውጋት አይደለም። ለዚያ ሥራ መንግሥት ሌላ ነገር ይሰጠዋል። ሰንጢው ገመድ ይቆርጥበታል፣ ካርቶን ይከፍትበታል፣ የምግብ ላስቲክ ይቀድበታል፣ የቦርሳ ማንገቻ ክር ሲተረተር ይከረክምበታል። በቃ።

ማስረጃ ካላችሁኝ፣ በዓለም ላይ የታወቀውን የወታደር ሰንጢ ተመልከቱ። የስዊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1891 ለወታደሮቹ ያደለው ሰንጢ አራት ነገሮች ነበሩት፦ ስለት፣ ወስፌ፣ ቆርቆሮ መክፈቻ እና ካቻቪቴ። ካቻቪቴው የገባው የዘመኑ አዲስ ጠመንጃ ሲፈታ ካቻቪቴ ስለሚፈልግ ነው፤ ቆርቆሮ መክፈቻው ደግሞ ምግቡ በቆርቆሮ ስለሚመጣ። ለጠብ የታሰበ ነገር የለበትም። የወጥ ቤትና የጋራዥ ዕቃ በአንድ ኪስ ነው።

ገበያው ግን ሌላ ታሪክ ይነግራችኋል። ጥቁር ስለት፣ የራስ ቅል ሥዕል፣ እጀታው ላይ “ታክቲካል” የሚል ጽሑፍ፣ ዋጋው 12 ዶላር። እኔ በዚህ ተሸውጃለሁ። ከዓመታት በፊት ሌላው የአጎቴ ልጅ ወደ ጦሩ ሲገባ፣ መንገድ ላይ ካገኘሁት ነዳጅ ማደያ እንደዚህ ያለውን ገዝቼ ሰጠሁት። መልኩ ፊልም ላይ የሚታየውን ያስንቃል። አንድ ቀን ወፍራም ገመድ ሲቆርጥ መቆለፊያው ከዳውና ስለቱ ተመልሶ ጣቱ ላይ ታጠፈ። ጣቱ ተሰፋ፣ ዳነ። እሱ ሲያወራው ይስቃል፤ እኔ ግን ጠባሳውን ባየሁ ቁጥር የምገባበት ይጠፋኛል። ያ 12 ዶላር የኔ ነበር።

ስለዚህ አሁን አቋም አለኝ። ብራችሁን ለመልክ ሳይሆን ለመቆለፊያው ክፈሉ። ሱቅ ገብታችሁ ሰንጢውን ክፈቱት። ስለቱን ግራና ቀኝ ነካ ነካ አድርጉት፤ የሚወላወል ከሆነ መልሱት። ከዚያ ጣታችሁን ከመታጠፊያው መንገድ አርቃችሁ፣ የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛ ላይ ጫን በሉት። መቆለፊያው ትንሽ እንኳ ከተንሸራተተ፣ ሻጩ የፈለገውን ያውራ፣ ውጡ።

ርዝመቱስ? ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ረጅም የተሻለ ይመስለናል። ግን እያንዳንዱ የጦር ካምፕ የራሱ ደንብ አለው፤ 3 ኢንችን (7.6 ሴንቲሜትር) ድንበር ያደረጉ አሉ። የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሕንፃዎችን የሚመለከተው ሕግ ደግሞ የኪስ ሰንጢን የሚታገሰው ስለቱ ከ2.5 ኢንች በታች ሲሆን ነው። ልጁን ከአለቃው ጋር የሚያጣላ ስጦታ አትስጡት። 3 ኢንች ለገመድም ለካርቶንም ይበቃል። ቁልፍ ሲጫኑት በሞላ ተወርውሮ የሚከፈተውንም ተዉት። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የፌዴራል ሕግ በሥራ ላይ ላለ ወታደር የተለየ ፈቃድ ቢኖረውም፣ የክልሎቹ ሕግ የተለያየ ነው፤ ልጁ ደግሞ ለዕረፍት ወደ ቤት ይመጣል።

ወደ ዕቃው እንምጣ። በ20 ዶላር አካባቢ የፈረንሳዩ ኦፒኔል አለ። ቀለበቱን አዙሮ ስለቱን መቆለፍ ይቻላል፤ ይህ ቀለበት ከ1955 ጀምሮ ያለ ነው። ለሽርሽር እወደዋለሁ። ግን እጀታው እንጨት ስለሆነ ውሃ ሲነካው ያብጥና አልከፈት ይላል፤ የሚዝገው ዓይነት ብረት ከሆነ ደግሞ ላብ አይወድም። ቁጥር 8 የሚባለው ስለቱ 8.5 ሴንቲሜትር ነውና ከ3 ኢንች ያልፋል። ዝናብና ጭቃ ውስጥ ለሚውል ልጅ አልመርጠውም።

ወደ 40 ዶላር ከፍ ካላችሁ የኦንታሪዮ ራት 2 የሚባለው አለ። ስለቱ 3 ኢንች ነው፣ በአንድ እጅ ይከፈታል፣ ኪስ ላይ የሚይዝ ክሊፕ አለው። በአንድ እጅ መከፈቱ ለጉራ አይደለም፤ ሌላኛው እጅ ገመዱን ይዟል። በሁለት ዓይነት ብረት ይሠራል። ዲ2 የሚባለው ስለቱ ቶሎ አይዶለዱምም፣ ግን ለዝገት ትንሽ ቀረብ ይላል። ኤዩኤስ 8 የሚባለው ቶሎ ይዶለዱማል፣ ግን መሳሉም ቀላል ነው። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ፤ ወታደር ሰንጢውን ለመሳል ግማሽ ቀን የለውም። በተረፈው ገንዘብ ትንሽ የመሳያ ድንጋይ ግዙለት።

“ለምን የ200 ዶላሩን አንገዛለትም?” ያለ ወንድም ነበር። ጥያቄው ከፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ግን ይሄ ዕቃ ጭቃ ውስጥ ይወድቃል፣ ጓደኛ ይዋሰዋል፣ አንዳንዴም አይመልስም። 200 ዶላር የወጣበትን ሰንጢ ልጁ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበት ይሄዳል። ጥሩ ሰንጢ ማለት ቢጠፋ የማያስለቅስ፣ ሲፈለግ ግን የማይከዳ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ሲሄድ አትስጡት! መሠረታዊ ሥልጠናው 10 ሳምንት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሻንጣ ይፈተሻል፣ ሰንጢም ይወሰዳል። በፖስታም አትላኩለት። ሲመረቅ ስጡት። ለምረቃው በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ በእጅ ቦርሳ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይሁን፤ አለዚያ ኤርፖርት ላይ ትሰናበቱታላችሁ።

ሐበሻ እዚህ አገር ጦር ውስጥ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ተጀምሮ በ2016 አዲስ ሰው መቀበል ያቆመው ማቭኒ የተባለው ፕሮግራም ከሚፈልጋቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። ይሁን እንጂ ልጅን ለጦር መሸኘት ለእናት ሁሌም አዲስ ነው። አክስቴ የተቆጣችው በሰንጢው አልነበረም፤ ኋላ ገብቶኛል። ሰንጢው የልጇን መሄድ በእጅ የሚነካ ነገር አደረገው እንጂ።

ገዝተን ስናመጣ እሷው ጋ ይቀመጥ ተባለ። በሦስተኛው ቀን ስደውል ስልኩን የያዘችው በትከሻዋ ነበር፤ ከአገር ቤት የተላከውን የበርበሬ ካርቶን እየከፈተች።

“በምን ነው የምትከፍቺው?” አልኳት።

ትንሽ ዝም አለችና “ይሄ ነገራችሁ ለካ ይቆርጣል” አለች።