ነጋዴነት ተፈጥሯችን ነው?

«ሙስሊም እኮ ተፈጥሮው ንግድ ነው» ሲባል ብዙዎቻችን እንደ ሙገሳ እንቀበለዋለን። ከየት እንደመጣ ግን አንጠይቅም። ልጆቻችን ትምህርት አቋርጠው ሱቅ ሲገቡ «ያው የኛ ነገር» ብለን የምናልፈው በዚሁ አባባል ነው።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሙስሊሙ በአብዛኛው ከርስት ተገልሎ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1668 ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ አዘዙ። መሬት የተከለከለ ሰው ይሸምናል፣ ይነግዳል፤ ሌላ ምን አማራጭ አለው? ተፈጥሮ ቢሆንማ ኖሮ በአርሲና በባሌ የሚያርሰው፣ በአፋርና በሶማሌ ከብት የሚያረባው ወገናችን ከየት መጣ?

በንጉሡ ዘመንም «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» እንባል ነበር። በገዛ አገሩ እንግዳ እየተባለ ያደገ ሰው ውሎ አድሮ ራሱን በእንግዳ ዓይን ያያል። መሥሪያ ቤቱም ትምህርት ቤቱም «የነሱ» ይሆንበታል። ልጄ ሃይማኖቱን ይለውጥብኛል ብለው የሰጉ ወላጆችም ከዘመናዊ ትምህርት ራቁ።

አባቶቻችን ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው እኩልነትን ጠየቁ። በ1967 የመሬት አዋጅ ታወጀ፤ ዒዶቻችንም ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። በ2012 መጅሊሱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ፤ በ2013 ከወለድ ነፃ ባንክ ሥራ ጀመረ። ዙሪያችን ተለውጧል፤ ለራሳችን ያለን ግምት ግን ገና አሮጌው ሰፈር ነው።

ሁሉም ተሟልቷል እያልን አይደለም። በሒጃቧ ምክንያት ከትምህርት ቤት በር የተመለሰች ልጅ የምትማረው ያንኑ የድሮ ትምህርት ነው፦ «ይህ ቦታ ያንቺ አይደለም»። ስለዚህ የሒጃብ ጥያቄ የልብስ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ነገ ራሷን ማን ብላ እንደምትጠራ የሚወስን ነው።

ንግድ ክቡር ሥራ ነው፤ ረሱላችንም (ሰ.ዐ.ወ) ነግደዋል። ለእርሳቸው የወረደው የመጀመሪያው ወሕይ ግን ያዘዘው ማንበብን ነው። ልጃችን ሱቅ ቢከፍት መርጦት ይሁን፤ ሌላው በር የኔ አይደለም ብሎ አይሁን። ይህንን ማስተማር ደግሞ ከየቤታችን ይጀምራል።