ጅቡቲ ሙቀት ብቻ ናት እንዴ?

ጅቡቲ ደርሶ ጫኖ የተመለሰ ሁሉ ወሬው አንድ ነው፦ ሙቀቱ፣ ጫቱ፣ ውድነቱ። ሙዝ ማሳ ጥላ ሥር የተቀመጠው ሰሚም ይስቃል። ግን ምኑ ነው የሚያስቀው?

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ባሕር የለንም። ከውጭ ንግዳችን 90 በመቶ ያህሉ የሚያልፈው በዚያችው በምናፌዝባት ከተማ ነው። በቆሏችን ላይ የምንበትነው ዩሪያ ከመርከብ የሚራገፈው እዚያ ነው። እሷም በፊናዋ መብራትና የመጠጥ ውኃ ከእኛ ታገኛለች። እንዲህ የተቆራኘን ጎረቤት በላብ ወሬ ብቻ ማወቅ ነውር ነው።

ስለዚህ ወንድማችን፣ ስለ ላብህ ሰምተናል። አሁን ደግሞ በዚያ ፀሐይ ከረጢቱን ማን እንደሚሸከም፣ ሾፌሮቻችን የት እንደሚያድሩ፣ በየሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን እንዴት እንደሚኖሩ ንገረን። አላየሁም ካልክ፣ ጅቡቲ ሄጃለሁ አትበለን!